አባ ጃርት ለአስለቃሽ ዳገት ማርሽ ሲመርጥ

በሉ ተጠጉ። እኔ ምላሴን አዋጣለሁ፣ እናንተ ጆሯችሁን አዋጡ፤ ተረት የሚበስለው በመዋጮ ነው። እዚያ ጥግ ያላችሁት፣ ሹክሹክታውን ተዉ! እንቅልፍ የመጣበት ካለ አሁኑኑ ሄዶ ይተኛ። መሐል ላይ ነቅቶ "ማን ነበር? ምን ሆነ?" የሚለኝን አልወድም።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት አፍ በነበራቸው፣ ብረትም ምላስ በነበረው ዘመን፣ ከአንድ ትልቅ ተራራ ግርጌ አባ ጃርት የሚባል ሽማግሌ ጃርት ይኖር ነበር። ሚስቱ ሞታበታለች። ሦስት ሴቶች ልጆች ነበሩት፤ ሦስቱንም ድሯል። ሁለቱ ታላላቆች ወደ ቆላ ወረዱ። የመጨረሻዋ፣ ትርንጎ፣ ከተራራው አናት ላይ ላሉ ጃርቶች ተዳረች። አባ ጃርት ብቻውን ቀረ። ብቻውን ስላችሁ፣ ጉልበቱን የያዘው ቁርጥማትና አንዲት አሮጌ ብስክሌት አብረውት ነበሩ። ቆሞ ሁለት መቶ እርምጃ መሄድ ያቅተዋል፤ ተቀምጦ ፔዳል መርገጥ ግን ይችላል። ገበያም ለቅሶም የሚደርሰው በብስክሌቷ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት እርግብ በመስኮቱ ዘው አለች።

"የምሥራች! የምሥራች! ትርንጎ ተገላገለች! ሴት ልጅ!"

"ምሥር ብዪ! እሰይ! እንኳን ማርያም ማረቻት!" አለ አባ ጃርት፤ እሾሁ ሁሉ በደስታ ቆመ።

"ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው፤ ገንፎው በሰባተኛው ቀን ነው" አለችና እርግብ በረረች።

አባ ጃርት ይህን ሲሰማ ቁጭ አለ። ለምን ቁጭ አለ? በጃርቶች አገር ደንብ አለ። አራስ በሰባተኛ ቀኗ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ገንፎ ይገነፋላታል። የገንፎው ቅቤ የሚመጣው ከወለዷት ቤት ነው። እናት ታመጣለች፤ እናት ከሌለች አባት ያመጣል። ቅቤው ሳይመጣ ከቀረ አማቷ ከራሷ ቅል ታፈስላታለች። መብላቱን ትበላለች። ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሟ "ወገን የለሽ" ይሆናል፤ ያ ስም ደግሞ እስከ መቃብር አይለቅም።

ቅቤውማ ነበር። የትርንጎ እናት ልትሞት ሰሞን፣ አልጋ ላይ ሆና፣ በኮረሪማና በኮሰረት አንጥራ በቅል አስቀምጣዋለች። "ይቺ ለትርንጎ የአራስነት ጊዜ ናት፤ እንዳትነካት" ብላው ነው ያረፈችው። አልነካትም። አሁን ቅሏን ከመደርደሪያው አወረደ፣ አንድ ስልቻ የገብስ ዱቄትም ጨመረ፣ ሁለቱን ከብስክሌቷ ኋላ አሰረና ወጣ።

ከበሩ አሥር ክንድ ሳይርቅ ካቴናው ወደቀ። መልሶ አስገባው፤ ወደቀ። ደግሞ አስገባው፤ ደግሞ ወደቀ። ብስክሌቷን እየገፋ፣ እያነከሰ፣ ከዳገቱ ግርጌ ብስክሌት ወደምትጠግነው ወደ ጦጢት ሄደ።

"አባ፣ እንደምን ዋሉ? ምን ሆና ነው?" አለች ጦጢት።

"ካቴናዋን እየጣለች አስቸገረችኝ። ልጄ ወልዳለች፤ በሦስት ቀን ውስጥ አስለቃሽን መውጣት አለብኝ።"

አስለቃሽ የዳገቱ ስም ነው። ስሙን ያወጡለት የወጡት ናቸው።

ጦጢት ጎንበስ ብላ አየች፤ ፔዳሉን በእጇ አሽከረከረች። ብስክሌቷ ከፊት፣ ከፔዳሉ ዘንድ፣ ሦስት ማርሾች ነበሯት። ወንድማማቾች ናቸው። ታላቅየው ትሪ ያክላል፤ መካከለኛው ሳህን ያክላል፤ ታናሽየው የጣሳ አፍ ያክላል። ካቴና ደግሞ ከፊት ወደ ኋላ እየዞረች ኃይሉን ለኋላ ጎማ የምታደርስ ምላሰኛ አሮጊት ናት። ጦጢት እንዳሽከረከረች ወንድማማቾቹ መጓተት ጀመሩ።

"ወደ እኔ ነይ!" አለ ታላቅየው።

"የለም፣ ወደ እኔ!" አለ መካከለኛው።

ታናሽየው ዝም አለ። ካቴና በሁለቱ መሐል ሾልካ መሬት ላይ ዘፍ አለች።

"ኧረ በእናታችሁ! እኔ የስንቱ ሚስት ነኝ?" ብላ ጮኸች።

ጦጢት ሳቀች። "አባ፣ ካቴናዋን ከአንዱ ወደ አንዱ የሚያሻግረው መቀየሪያ አልቋል፤ ሌላ ደግሞ እኔ ዘንድ የለም። ግን ለምን ከፊት ሦስት አለቃ? ከኋላ ብዙ ይሁኑ፣ ከፊት አንድ ይበቃል። አንዱ ይቀመጥ፣ ሁለቱ ይውረዱ። የትኛው እንደሚቀመጥ ግን ዳገቱን አይተው ይምረጡ።"

"ምን ምርጫ አለው?" አለ አባ ጃርት። "ታላቅ እያለ ታናሽ ፊት ይቀመጣል እንዴ? በእኔ ቤት እጅ ሲታጠቡ ከታላቅ፣ ሲቆርሱ ከታላቅ፣ ሲዳሩም ከታላቅ ነው። ታላቅየው ይቀመጥ።"

"አባ፣ ይህ እኮ ማዕድ አይደለም፤ ዳገት ነው።"

"አንቺ ልጅ፣ ደንብ ደንብ ነው!"

አትሳቁ! እናንተስ ብትሆኑ? ሽማግሌ ሲገባ ማንን ነው ከላይ የምታስቀምጡት? ይህንኑ ነበር የምታደርጉት።

ጦጢት ትከሻዋን ነቀነቀች። "ብስክሌቷም የእርስዎ፣ ጉልበቱም የእርስዎ" አለችና ሁለቱን ታናናሾች አውርዳ ታላቅየውን ብቻውን አሰረች።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት አባ ጃርት ተነሳ። ሜዳው ላይማ ምን ይወራል! ታላቅየው አንድ ዙር ሲዞር ጎማዋ አራት ይዞራል። ከርከሮ መንገድ ለቀቀ፤ ጅግራ ከነጫጩቶቿ ብድግ አለች። "እዩልኝ! ሽምግልና እንዲህ ነው!" እያለ አባ ጃርት በነፋስ ሄደ። አስለቃሽ ሥር ሲደርስ ግን ፔዳሉ ጭቃ ውስጥ እንደገባ እግር አልነቃነቅ አለ። ረገጠ፤ ምንም። ተነስቶ በሙሉ ክብደቱ ረገጠ፤ ጉልበቱ ቋ አለ። ብስክሌቷ ወደኋላ ተንሸራታ ከነቅሉ ከነስልቻው ቁጥቋጦ ውስጥ ከተተችው። ደግነቱ ቅሏ አልተሰበረችም።

"ምን ነካህ? አንተ ታላቅ አይደለህ?" አለው አባ ጃርት፣ ከእሾሁ ላይ ቅጠል እየለቀመ።

"አባ፣ እኔ ታላቅነቴ ለሜዳ ነው" አለ ታላቅየው፤ እውነቱን ነው። "አንድ ጊዜ ልዙር ብል የስንት ሰው ጉልበት እበላለሁ። ዳገት ሲመጣማ ድሮም ሲያወጣዎት የኖረው ሌላ ነው።"

አባ ጃርት የመጨረሻዋን ቃል አልሰማትም። መስማት ያልፈለጉት ቃል ጆሮ ላይ መች ይቆያል?

ወደ ጦጢት ተመለሰ። "ታላቅየው ካልሆነ ተከታዩ ይሁን" አላት።

"አባ፣ አሁንም ወረፋ ነው እንዴ የሚቆጥሩት?"

"ታላቁን ማስቀየም ሳያንስ መካከለኛውን ደግሞ ልዝለለው?"

ጦጢት ጥርሷን ነከሰች፣ መፍቻዋን አነሳች፣ መካከለኛውን አሰረች።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ደግሞ ተነሳ። መካከለኛው ጨዋ ነበር፤ ሜዳውን ሳይንጠባረር አሳለፈው፣ የዳገቱንም መጀመሪያ አወጣው። አባ ጃርት ተስፋ አደረገ። "ትርንጎ፣ መጣሁልሽ፤ ልጄ፣ መጣሁልሽ" እያለ ረገጠ። ከዳገቱ አጋማሽ፣ ከዋርካው ሥር ሲደርስ ግን ሁለቱም ጉልበቶቹ እሳት ሆኑ። ከኋላ ጎማው ላይ ያሉትን ማርሾች ጠራ፤ ሰባት እህትማማቾች ናቸው።

"እባካችሁ፣ ከእናንተ የሚያቀለኝ የለም?"

"እኛ ሁላችንም እኩዮች ነን፤ ከአንዳችን ወደ አንዳችን ቢሄዱ ለውጡ የጣት ወርድ አይሞላም" አሉት።

መካከለኛውም በትሕትና "አባ፣ እኔ ግማሽ ነኝ፤ ግማሽ አወጣሁዎት" አለው።

አባ ጃርት ከዋርካው ሥር ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ስለ ጉልበቱ አይደለም። ያቺ ቅል በጊዜዋ ካልደረሰች የሟች ሚስቱ የመጨረሻ ሥራ ከንቱ ይሆናል፤ ልጁም በሰው ቤት አንገቷን ትደፋለች። ይህ ነው ያስለቀሰው። እርግብ በዚያ ስታልፍ አየችውና ቅርንጫፍ ላይ አረፈች።

"አባ ጃርት፣ አማቷ እኮ የራሷን የቅቤ ቅል አውርዳለች። 'አባትሽ ሽማግሌ ነው፤ በምን ጉልበቱ ይመጣል? አትጠብቂው' ይሏታል።"

"እሷስ ምን ትላለች?"

"'ይመጣል' ትላለች። ሌላ ቃል የላትም።"

አባ ጃርት እንባውን ጠረገ። ብስክሌቷን አዙሮ፣ ፍሬን ይዞ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጦጢት ዘንድ ወረደ። በዚህ ጊዜ አላዘዘም።

"ልጄ፣ እኔ አላወቅሁበትም። አንቺ ምረጪልኝ" አላት።

"እኔም አልመርጥም፤ ራሱን ይጠይቁት" አለችና ጦጢት ዝገት የበላቸው ብሎኖች ከተጠራቀሙበት ጣሳ ውስጥ ታናሽየውን አውጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

"እኔን ነው?" አለ ታናሽየው። "ታላላቆቼ የሉም?"

"አሉ።"

"እንግዲያ ዳገት መጥቷል ማለት ነው። እኔ የምፈለገው ዳገት ሲመጣ ነው።"

"እንዴት?"

"አባ፣ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የገበያውን ኮረብታ ሲወጡ ማን ያወጣዎት ነበር? እኔ ነኝ። ኮረብታው ሲያልቅ ወደ ታላላቆቼ ይሻገራሉ፤ ገበያ ሲደርሱ የሚወለወለው ታላቅየው ነው። እኔን ጭቃ ይበላኛል። አልተቀየምኩም፤ ታናሽ ነኝ። ግን አንድ ቀን እንኳ 'ደከመህ ወይ?' ብለውኝ አያውቁም።"

አባ ጃርት ጭቃውን በአውራ ጣቱ ጠረገለት። ታናሽየውን እያየ ግን ትርንጎን ነበር የሚያየው። እናቷ አልጋ ላይ የወደቀች ጊዜ ታላላቅ እህቶቿ እንደ እንግዳ መጡ፤ ከላይ ተቀመጡ፤ በልተው፣ አልቅሰው ሄዱ። ገላዋን ያጠበች፣ ውሃ የቀዳች፣ ሌሊት የነቃች ትርንጎ ናት። እናትየው ባረፈች ማግስት፣ ለቀስተኛው ሲቆርስ፣ ዳቦው ከታላቅ ጀምሮ እየተቆረሰ ዞሮ ዞሮ ትርንጎ ጋ ሲደርስ ቅርፊቱ ብቻ ነበር የቀረው። አባቷ ይህን አይቷል። አይቶም ደንብ ነው ብሎ አልፏል። አንድ ቀን እንኳ "ደከመሽ ወይ፣ ልጄ?" አላላትም።

"ደከመህ ወይ?" አለው አባ ጃርት።

"አሁን አልደከመኝም" አለ ታናሽየው። "ግን ብቻዬን አልችልም። ከኋላ ሰፊ እህት ያስፈልገኛል። እኔ በትንሹ ስዞር እሷ በሰፊው ትቀበለኛለች፤ ሸክሙን ሁለታችን እንካፈለዋለን።"

ጦጢት ይህን ስትጠብቅ ነበር። ሰባቱን እኩያ እህትማማቾች ፈታችና ከግድግዳ ላይ ሌላ የማርሽ ቤተሰብ አወረደች። የዚያ ቤተሰብ ትንሿ የእጅ አምባር፣ ትልቋ ሰፌድ ታክላለች። "እስከ ዛሬ 'ምን ይሠራል ይሄ ሁሉ ስፋት?' እያሉ ሲስቁብኝ ነበር" አለች ሰፊዋ። ጦጢት ቀጥላ ታናሽየውን በመካከለኛው ቦታ ላይ አሰረችው፤ ካቴናዋ ሳትጣመም ቀጥ ብላ እንድትሄድ ነው። ከዚያ ሞረድ አንስታ ጥርሶቹን አንዱን ወፍራም፣ አንዱን ቀጭን እያደረገች አበጀች፤ ካቴናዋ ነቅነቅ ብትል እንኳ እንዳትሾልክ ነው። በመጨረሻ በካቴናዋ ላይ ቀለበት ቀጥላ አስረዘመቻት።

ስለረዘመችም ትንሿ ማርሽ ላይ ስትሆን ተንዘላዘለች። አባ ጃርት ይህን አልወደደም።

"ይቺ ምን ትመስላለች? ሰው አይቶ ምን ይለኛል? ቁረጪልኝ፣ ልኳን ትያዝ።"

ካቴና ተቆጣች። "አንተ ሽማግሌ፣ ቀበቶ መሰልኩህ እንዴ ለዓይን የምታሳምረኝ? በሰፊዋ ላይ አዙረህ ለካኝ፣ ከዚያ ላይ ሁለት ቀለበት ትርፍ ተውልኝ! በቀላሉ ቀን ለክተህ ከቆረጥከኝ በከባዱ ቀን እበጠስልሃለሁ። ያኔ እሪ ብትል የሚሰማህ የለም።"

"እውነቷን ነው" አለች ጦጢት። "ለተንዘላዘለው አይጨነቁ፤ ካቴናዋን የሚወጥር ረጅም የብረት ክንድ ከኋላ እሠራለታለሁ፣ እሱ ይሰበስበዋል።"

"እሺ፣ እሺ፣ እሺ" አለ አባ ጃርት። ሦስት ጊዜ እሺ ሲል በዕድሜው የመጀመሪያው ነበር።

በሰባተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ተነሳ። ሜዳው ላይ፣ ወገኖቼ፣ ምን ልበላችሁ፣ ውርደት ነው! እግሩ ይሮጣል፣ እሱ ይንፏቀቃል። ባለፈው መንገድ የለቀቀለት ከርከሮ ቆሞ ሳቀበት። "አባ ጃርት፣ ወንፊት እየነፉ ነው ወይስ ብስክሌት እየነዱ?" አለው። ዳገቱ መጀመሪያ ላይ ኤሊ ደረሰችበት፤ "እንደምን አደሩ አባ" ብላው አለፈች። እፍረት ጆሮውን አቃጠለው። ግን አላቆመም።

አስለቃሽ ቀጥ ብሎ ሲነሳ ታናሽየው ካቴናዋን ጥርስ በጥርስ ያዘ። ሰፊዋ ከኋላ ተቀበለችው። አባ ጃርት ረገጠ፤ ፔዳሉ ዞረ። ደግሞ ረገጠ፤ ደግሞ ዞረ። አልከበደም። አልፈጠነም። ዞረ ብቻ። ዋርካውን አለፈ። ኤሊዋ ጥግ ይዛ ስታርፍ አገኛት፤ "እንደምን ዋልሽ" ብሏት አለፈ።

"አይዞዎት" ይላል ታናሽየው።

"አይዞህ" ይላል አባ ጃርት።

"እኔንስ ማን ይበለኝ?" ትላለች ካቴና።

"አይዞሽ እናቴ፣ አይዞሽ!" ይላሉ ሁለቱም።

እንዲህ እየተባባሉ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ እነሱም አናት ላይ ወጡ።

በትርንጎ ቤት ገንፎው ተገንፍቷል። በገበታው መሐል ተቆልሎ፣ መሐሉ ለቅቤ ተጎድጉዶ፣ ባዶውን ይጤሳል። የተራራው ሽማግሌዎች በየዕድሜያቸው ተቀምጠዋል። ትርንጎ ልጇን ታቅፋ አንገቷን ደፍታለች። አማቷ ክፉ አልነበረችም፤ "ልጄ፣ ገንፎው ይቀዘቅዛል፤ እንግዲህ ምን ይደረግ" ብላ የራሷን ቅል አነሳች።

"ቆይ!" አለ ከደጅ የሚያለከልክ ድምፅ። "ቆይ፣ እመቤቴ! የወለዷት ቤት መጥቷል!"

ትርንጎ ቀና አለች። አባቷ በር ላይ፣ አቧራ ለብሶ፣ ቅሏን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። አባ ጃርት ቅሏን ከፈተ። የሚስቱ ቅቤ ሽታ ቤቱን ሲሞላው ትርንጎ "እማዬ" አለች።

ቅቤው በተጎደጎደው ውስጥ ፈሰሰ። በጃርቶች ደንብ መጀመሪያ የሚቆርሰው የቤቱ ታላቅ ሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌው እጁን ዘረጋ። አባ ጃርት ግን ቀደመው። ከገንፎው ቆረሰ፣ ቅቤው ውስጥ ነከረ፣ በእነዚያ ሁሉ ሽማግሌዎች ፊት ወደ ትርንጎ ሄደና ከአልጋዋ ሥር ተንበረከከ። በዚያ ጉልበቱ ተንበረከከ!

ቤቱ አጉረመረመ። "ኧረ ታላቅ አለ!" አለ አንዱ።

"አባቶቼ፣ ይቅር በሉኝ" አለ አባ ጃርት። "ዕድሜዬን ሙሉ ከታላቅ ስቆርስ ኖሬያለሁ። ለዚህች ልጅ የሚደርሳት ቅርፊት ነበር። እናቷ ስትታመም እኔንም እናቷንም የተሸከመችን ግን እሷ ናት። ዛሬ ከእሷ ይጀመራል።" ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። "ልጄ፣ ደከመሽ ወይ?"

ትርንጎ ከማልቀስና ከመሳቅ መምረጥ አልቻለችም፤ ሁለቱንም አደረገችው። "ያኔ በጣም ደክሞኝ ነበር፣ አባዬ" አለች።

"አውቃለሁ። አይቼሽ ነበር። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር በዪኝ።"

አፏን ከፈተች፣ አጎረሳት። ታላቁ ሽማግሌም የዘረጋውን እጅ ቀስ ብሎ ሰበሰበና "እውነት ነው፣ አራሷ ትቅደም" አለ። አባ ጃርት እሾኋ ገና እንደ ጥጥ የሚለሰልሰውን የልጅ ልጁን ተቀብሎ ታቀፈ። በተራራው ላይም እስከ ዛሬ የአራስ ገንፎ የሚቆረሰው ከአራሷ ጀምሮ ነው ይላሉ።

አያችሁ፣ ልጆቼ? ሜዳውን ከማንም ጋር ያልፉታል። ጓደኛ ሲመርጡ ለዳገት ነው፤ ዳገቱን ያወጣን ደግሞ ሜዳ ላይ አይረሱም።

እኔ እስከ አናቱ ገፋኋችሁ፤ ቁልቁለቱን በየፍሬናችሁ ውረዱ።